የሙሽሪት ስምንት ታኮዎች

ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ፣ ከዋናው ሀዲድ ገባ ባለ የጎን መስመር ላይ፣ ሁልጊዜ ታጥባ የምትቆም አንዲት ባቡር አለች። አንድ ሎኮሞቲቭና አራት ፉርጎ ናት። መስኮቶቿ ያበራሉ፤ ወንበሮቿ ላይ አቧራ አይገኝም፤ የውሃ ጋኖቿ ሞልተዋል። ተሳፋሪ ግን አይወጣባትም። ከአጥሩ ውጭ ሐብሐብና ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጡት ሴቶች «ሙሽሪት» የሚል ስም አውጥተውላታል። ታጥባ፣ ተኳኩላ፣ ከቤት የማትወጣ ለማለት ነው።

ይህችን ባቡር የምትጠብቀው ኡሙልኸይር ሙሜ ናት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አንድ ሳምንት ቢያድር ነው። ጠዋት ጠዋት ብርቱካናማ ሰደርያዋን ሂጃቧ ላይ ደርባ በሻጮቹ በኩል ስታልፍ፣ አንዷ ሳትለክፋት አታሳልፋትም።

«ኡሙ፣ ዛሬስ ለሙሽሪት ሽማግሌ መጣላት?»

«መጥቶ ነበር፤ ጥሎሹ አንሶባት መለሰችው።»

ትስቃለች፣ ታስቃቸዋለች፣ ታልፋለች። ሥራዋን የሚያውቅ እንደሌለ ስለምታውቅ አትከፋም። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ባለው መንገድ መደበኛዋ ባቡር ብትበላሽ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ስልክ ይደወላል። ከተደወለ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ተጠባባቂዋ ባቡር ከጎን መስመሯ ወጥታ፣ ሜዳ ላይ የቀሩትን ሰዎች ለመቀበል መንገድ መጀመር አለባት። ነጂው በተራ የሚመደብ ነው። እሱ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ያለው ሁሉ የኡሙልኸይር ነው። ባትሪውን ትከፍታለች፤ የፍሬኑን አየር የሚሞላውን ሞተር ታስነሳለች፤ አየሩ እስኪሞላ በባቡሯ ግራና ቀኝ ዞራ፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ አየር የሚያሻግረውን እያንዳንዱን ጎማ በእጇ ትነካለች፤ ፍሬኑ መያዙን ካረጋገጠች በኋላ በመጨረሻ ከመንኮራኩሮቹ ስር ባቡሯ እንዳትንሸራተት የተሸጎጡትን ስምንት ታኮዎች ታወጣለች። በመሣሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ታኮዎቹ የሚሰቀሉበት ስምንት ትልልቅ ምስማር ተመቷል። አንዱ ምስማር ባዶ ከሆነ አንዱ ታኮ ገና መንኮራኩር ስር ነው ማለት ነው። ስምንቱም ካልሞሉ ነጂው ንቅንቅ አይልም። ይህን የምስማር ነገር ያመጣችው ራሷ ናት።

ረቡዕና ቅዳሜ ደግሞ ሙሽሪት ባዶዋን እስከ አሰቦት ደርሳ ትመለሳለች። ይህ ነው ሰውን ይበልጥ የሚያስቀው። ጆንያ ማሽላ ተሸክሞ መኪና የሚጠብቅ ገበሬ አራት ባዶ ፉርጎ በፊቱ ሲያልፍ ቢስቅ አይፈረድበትም። ኡሙልኸይር ግን ይህን ልማድ ያገኘችው ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። ያገኘችው ከአባቷ ነው፤ ያውም ከአንድ ጥፋት በኋላ።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ለሥራው አዲስ ነበረች። አንድ ቀን መደበኛዋ ባቡር ሚኤሶ ስትደርስ የአየር ጎማዋ ፈነዳ። የጣቢያው መካኒክ ጅብሪል ደግሞ የግድግዳ ጎረቤቷ ነው። እሳት ተጫጭረው፣ ጨው ተበዳድረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እየሮጠ መጣና «ኡሙ፣ ከሙሽሪት አንዱን ጎማ አውሺኝ፤ እስከ ማታ» አላት። በዚያ አገር ጎረቤት ለምኖ ባዶ እጁን አይመለስም። ፈትታ ሰጠችው። ማታ አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣ። ጠየቀችው፤ «ኢንሻአላህ ነገ» አላት። ደግማ መጠየቁ ነውር መሰላት። በዘጠነኛው ቀን መደበኛዋ ባቡር ከሚኤሶ ማዶ፣ አንድ ግራር እንኳን በሌለበት ሜዳ ላይ ሞተሯ ቆመና ስልኩ ተደወለ። ሙሽሪት በሁለተኛውና በሦስተኛው ፉርጎ መካከል አፏን ከፍታ ቀረች። ሦስት መቶ ሰው አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

ከሦስት መቶው አንዱ አባቷ ነበሩ። ሙሜ ድሬዳዋ የሞተ የአጎታቸውን ልጅ ሊቀብሩ እየሄዱ ነበር። ሲደርሱ ተቀብሮ አገኙት።

ሽማግሌው ለሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን አስጠሯት። በወጣትነታቸው ከሚኤሶ ቆላ ወደ ቦኬ ገበያ ግመል ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣» አሏት፣ «እኛ አሥር ግመል ስንጭን አሥራ አንደኛው ባዶውን ይከተል ነበር። ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ፣ አባ።»

«ምን ይጫንበት ነበር?»

«ምንም።»

«ልጅ ቢደክመው?»

«በእግሩ ይሄዳል።»

«የእናትሽ ነጠላ እንኳን ተጭኖበት አያውቅም። ዛሬ ነጠላ ካስቀመጥሽበት ነገ ጆንያ ነው። ከነገ ወዲያ ከአሥሩ አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ሲወድቅ፣ ባዶ ያልሽው ግመል ባዶ ሆኖ አይገኝም። አንቺ ባዶው ግመል ላይ ጫንሽ።»

ሌላም ነገር ነገሯት። ባዶው ግመል ቤት አይቀርም፤ መንገዱን ሁሉ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል። ተኝቶ የከረመ ግመል ሸክም ሲያይ ይንበረከካል፤ አይነሳም። ኡሙልኸይር በማግስቱ ጅብሪል ቤት ሄዳ ከደጃፍ ቆማ «ጎማዬን» አለችው። እስኪሰጣትም አልተቀመጠችም። የረቡዕና የቅዳሜው የአሰቦት መንገድም የተጀመረው በዚያ ሳምንት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሙሽሪት አንድ ብሎን የወሰደ ሰው የለም። መጀመሪያ ላይ ቂመኛ አሏት፤ ሰስታም አሏት። ጅብሪል ራሱ አንድ ወር አኩርፏት ቆየ። ኋላ ግን ሙሽሪት አንድ ጊዜ ወጣች፤ ሁለተኛ ወጣች፤ አምስተኛ ወጣች። አንድም ቀን ከሃያ አምስት ደቂቃ አላለፈችም። የኡሙልኸይር ልማድ ሃያ ሦስት ነበር። ሜዳ ላይ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ባዶና ንጹሕ ባቡር ሲመጣላቸው ያመሰገኑት ነጂውን ነው። እሷ ይህንን አልጠላችውም።

የቀረባት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ያዩት አባቷ ናቸው። እናትና አባቷ አሁን የሚኖሩት ጭሮ ነው፤ ከሚኤሶ ሽቅብ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። እሷ ግን ለሦስት ዓመት ፈቃድ ወስዳ አታውቅም። ለዒድ እንኳን ሄዳ ከምሳ በፊት ትመለስ ነበር። አንድ ቀን አባቷ ራሳቸው ሊጠይቋት ወርደው፣ ስምንቱን ምስማሮች በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

«መልካም ነው» አሉ። «አንቺ ብትታመሚ ማን ይጎትታታል?»

«አልታመምም።»

«እኔም አልታመምም ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው እያሳዩዋት። «ግመል አንድ እጅ ብቻ ከለመደ፣ ያ እጅ በሌለበት ቀን ከድንጋይ አይሻልም። ሁለተኛ እጅ አስለምጃት።»

ይህ ከጎማው ይልቅ ከበዳት። ሦስት ዓመት ማንም አይንካት ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን ንኪ ልትል ነው። ለማን? ካሰበች በኋላ ያገኘችው ሰው ዓይናዲስን ነው። ዓይናዲስ የፉርጎዎቹ ጽዳት ሠራተኛ ናት። አባቷ ወታደር ሆነው ከጎጃም መጥተው ሚኤሶ የቀሩ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ወሬ ትወዳለች፤ በምትገፋው የጽዳት ጋሪ ላይ ሁለት ባልዲና መጥረጊያዋን ጭና ፉርጎ ለፉርጎ ስትዞር ያላየችው ነገር የለም። ኡሙልኸይር ነገሩን በደንቡ አደረገችው። ዓይናዲስ የአንድ ወር ሥልጠና እንድትወስድና ረዳት ሆና እንድትመዘገብ ማመልከቻ ጻፈች። ማመልከቻው ከቢሮ ተፈርሞ ተመለሰ፤ ዓይናዲስ ሠለጠነች፤ ትምህርቱም ከዚያ በኋላ ሀዲዱ ላይ ቀጠለ።

«ሦስተኛውን ጎማ ነካሽው?» ትላታለች።

«አየሁት።»

«ዓይን አየር አያይም። ንኪው።»

«ኡሙዬ፣ በማርያም፣ ትናንት ነክቼዋለሁ።»

«ትናንት ትናንት ነው። ምሳ ትናንት ስለበላሽ ዛሬ ትተዪያለሽ?»

«አልተውም፤ እንዲያውም አሁን ርቦኛል።»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ስምንት ወር ሆናቸው። ዓይናዲስ በደንብ ያዘችው። ብቻዋን ግን አንድም ቀን አላወጣቻትም። ኡሙልኸይር ሁልጊዜ ከኋላዋ ነበረች።

አዲሱ የጣቢያ ኃላፊ በርናባስ የመጣው ዓይናዲስ ሥልጠና ከመጀመሯ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከሌላ ክልል የተመደበ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ፈጣን ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ከመጣ ጀምሮ ግን እንቅልፍ የነሳው አንድ ነገር ነው፤ መለዋወጫ። መደበኛዎቹ ባቡሮች ባትሪ ይፈልጋሉ፣ የበር ሞተር ይፈልጋሉ፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። እሱ ደግሞ በየቀኑ በመስኮቱ በኩል ሁሉም ነገር የተሟላላት አንዲት ባቡር ቆማ ያያል። አንድ ቀን ኡሙልኸይርን አስጠራት።

«እህቴ፣ ባቡርሽ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ወጣች?»

«ዘጠኝ ጊዜ።»

«ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስቱን ቀን ምን ስትሠራ ነበር?»

«ስትጠብቅ።»

«እኔ የምለው እሱን ነው። የሷ ባትሪ የሚሠራ ባቡር ላይ ቢገባ በየቀኑ ሰው ያመላልሳል። ልበትናት አስቤያለሁ። አንቺን ወደ መሣሪያ ግምጃ ቤት አዛውርሻለሁ፤ ሥራሽን አታጪም።»

ኡሙልኸይር አልተቆጣችም። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«አቶ በርናባስ፣ ባትሪዋን ሲወስዱ አንዲት ባቡር ለስድስት ወር ይጠግናሉ። ከዚያ የበር ሞተር፤ ከዚያ ጎማ። በዓመቱ ሙሽሪት ቆርቆሮ ትሆናለች፤ እነዚያም ዳግም ይታመማሉ፤ ያን ጊዜ ስልክ ሲደወል ማን ያነሳል? እኔ አንድ ጎማ አውሼ ሦስት መቶ ሰው ፀሐይ ላይ አስቀምጫለሁ። አንዱ አባቴ ናቸው። እርስዎ ደግመው እንዲያደርጉት አልፈልግም።»

«እኔ በየቀኑ የሚጮኽብኝን ነው የማየው።»

«ይፈትኗት።»

በርናባስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንዴት?»

«ቀኑን እርስዎ ይምረጡ። አይንገሩኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ባለው ቀን ይደውሉ። ከሃያ አምስት ደቂቃ አንዲት ደቂቃ ካለፈች ይበትኗት፤ መፍቻውን እኔ ራሴ አቀብላለሁ። ካላለፈች ግን አንድ ብሎን አይነካባትም።»

«ተስማማን» አለ በርናባስ። ደስ አለው፤ ነገሩ በወረቀት ሳይሆን በሰዓት ማለቁን ወደደው።

ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ የታናሽ ወንድሟ የሑዘይፋ ኒካህ ጭሮ ላይ ነበር። ሳብሪና የምትባል የቦኬ ልጅ ያገባል። ወንድሟ አስቀድሞ ደውሎ «እህቴ፣ ለዚህም ከምሳ በፊት ከተመለስሽ፣ እኔ ያቺን ባቡር ነው የማገባት፤ ቢያንስ ያኔ ትገኛለሽ» ብሏታል። ቅዳሜ ከአሰቦት መልስ ሙሽሪትን አቁማ፣ ስምንቱን ታኮዎች በየመንኮራኩሩ ስር አስገብታ፣ ከዓይናዲስ ጋር ቆመች።

«ነገ ሊደውል ይችላል» አለች።

«በእሑድ?»

«እኔ ብሆን በእሑድ እደውል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

ኡሙልኸይር የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ ሰጠቻት። ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገቷ የወጣ ቁልፍ ነው። «አንቺ ስላለሽ» አለቻት።

እሑድ ጠዋት ጭሮ ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ሼኮቹ መጥተዋል፤ ኡሙልኸይር ከሴቶቹ ጋር ሰሃን እያቀባበለች ነው። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ ከዓይናዲስ ሁለት ሚስኮል አገኘች። የመጨረሻው የተደወለው ከአራት ደቂቃ በፊት ነው። ወዲያው መልሳ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግማ ልትደውል አውራ ጣቷን አሳረፈችና ቆመች።

ለዓይናዲስ ያስተማረችው የመጀመሪያው ነገር ትዝ አላት። በመንኮራኩሮች መካከል ስልክ አይነሳም። ስልኩ ካልተነሳ ዓይናዲስ በመንኮራኩሮቹ መካከል ናት። በመንኮራኩሮቹ መካከል ከሆነች ደግሞ እየሠራች ነው። እንግዲህ አሁን መደወል ግመሉን በሁለት ገመድ ወደ ሁለት አቅጣጫ መጎተት ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

እናቷ ፊቷን አይተው «ምን ሆነሽ?» አሏት።

«ምንም አልሆንኩም፣ እማ። ሰሃኑን አቀብዪኝ።»

ሰሃን አቀበለች። በሆዷ ግን አብራ እየሄደች ነበር። አሁን ባትሪው ተከፍቷል። አሁን አየሩ እየሞላ ነው። አሁን ሁለተኛው ፉርጎ፤ አሁን ሦስተኛው፤ ንኪው። አሁን ታኮዎቹ። እሷ ታኮ ስታወጣ ሁለት ሁለት እየያዘች አራት ጊዜ እየተመላለሰች ነው ምስማሩ ላይ የምትሰቅለው፤ ያ ብቻ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ዓይናዲስ ከሷ ቀጭን ናት፤ ታኮ ደግሞ ከባድ ነው። ሰባት ደቂቃ፣ አለች በልቧ፤ ሰባት ይበቃል።

አራት ሰዓት ከሠላሳ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ኡሙዬ፣ ወጣች» አለች ዓይናዲስ። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«በስንት?»

«አቶ በርናባስ ሁለት ጊዜ ነው ሰዓቱን ያየው። ሃያ።»

«ሃያ ስንት?»

«ሃያ ብቻ።»

ኡሙልኸይር ከሴቶቹ ራቅ አለች። «ጎማዎቹን ነክተሻል?»

«ሁሉንም። ጋሽ ገብረጻድቅ ነበር ተረኛው ነጂ። አቶ በርናባስ ‹ተንቀሳቀስ እንጂ፣ ሰዓት እየሄደ ነው› ሲለው፣ ‹ምስማሩን ሳልቆጥር ለንጉሥም አልንቀሳቀስ› አለው። ቆጠረ። ስምንት።»

«ገላቶሚ፣ ዓይኔ» አለች ኡሙልኸይር፤ ምስጋና ሲበዛባት በአፍ መፍቻዋ ይቀናታል። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገባች። በዚያ ቀን ከምሳ በፊት አልተመለሰችም። እስከ መጨረሻው ከቆዩት እንግዶች አንዷ እሷ ነበረች። ሑዘይፋም «ባቡርሽን ማን አገባት?» እያለ ሲያሾፍባት ዋለ።

ሰኞ ጠዋት በርናባስ ቢሮ ገባች። ዓይናዲስ ከኋላዋ ተከትላታለች። በርናባስ እየሳቀ አልነበረም።

«ቀኑን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት» አለ። «ሠርግ እንዳለብሽ ከጥበቃው ሰምቻለሁ። ብልሽት ቀን አያስፈቅድም ብዬ ነው።»

«ልክ ነዎት። እኔም ለዚያ ቀን ነው ያዘጋጀኋት።»

«ግን አንድ ነገር አለ። ባቡሯን ያወጣችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ያልተፈቀደለት ሰው የሠራውን ፈተና ብዬ ልቆጥረው አልችልም።»

ኡሙልኸይር ይህን ጠብቃ ነበር። ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ዓይናዲስ ሥልጠናዋን ስትጨርስ የተጠባባቂዋ ባቡር ረዳት ጠባቂ ሆና እንድትሠራ የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው። ከሥሩ የበርናባስ ፊርማ አለ። እዚህ በተመደበ በሁለተኛው ቀን ከአርባ ወረቀት ጋር የፈረመው ነው።

በርናባስ ፊርማውን አየ፤ ቀኑን አየ፤ ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየ።

«አንብቤዋለሁ ብዬ ልዋሽ?» አለ።

«አይዋሹ» አለች ዓይናዲስ፣ ቀድማ። «እርስዎ ባያነቡትም እኛ አንብበነዋል።»

በርናባስ ሳቀ፤ መጀመሪያ በግድ፣ ኋላ ከልቡ። ከዚያ እዚያው ተቀምጦ አጭር ማስታወሻ ጻፈ። ከተጠባባቂዋ ባቡር ላይ በኃላፊውና በጠባቂዋ ሁለት ፊርማ ካልሆነ አንድም ዕቃ እንዳይወጣ የሚል ነበር። ኡሙልኸይር ማስታወሻውን ሁለት ጊዜ አንብባ አጠፈችው።

ከቢሮ ሲወጡ ግን ሌሊቱን ሁሉ ሲከነክናት የነበረውን ጥያቄ አወጣችው።

«እኔ በሃያ ሦስት የማወጣትን እንዴት በሃያ አወጣሻት?»

ዓይናዲስ ራሷን ነቀነቀች። «እንዳትቆጪ።»

«ተናገሪ።»

«ታኮዎቹን በእጄ አላመላለስኩም። ባልዲዎቹን አወረድኩና ጋሪዬን ከኋላዬ እየጎተትኩ ስምንቱንም ባንድ ዙር ሰበሰብኳቸው። ስምንት ወር ሙሉ ሁለት ሁለት ስትሸከሚ አይ ነበር።»

«አይተሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ሥራሽ ላይ ስትሆኚ የሚናገርሽ አለ?»

ኡሙልኸይር ቀና ብላ ወደ ሀዲዱ አየች። ከፊቷ ሙሽሪት ቆማለች፤ ትናንት ለፈተናው ደርሳ የተመለሰችበት የአሰቦት አቧራ በመስኮቶቿ ላይ ስስ ሆኖ ይታያል። አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አራት ዙር። ሊያናድዳት ሲል ሳቋ መጣ።

ረቡዕ የአሰቦት ቀን ነው። ያን ጠዋት ሻጮቹ ኡሙልኸይርን በአጥሩ ሲያዩዋት መጀመሪያ ያወቃት የለም። ሰደርያዋን ደርባ፣ መንኮራኩሩ የሚንቋቋ የጽዳት ጋሪ እየገፋች ነበር።

«ኡሙ፣ ዝቅ አደረጉሽ እንዴ?» አለቻት አንዷ፣ ሐብሐቧን እየቆረጠች።

«አይ» አለች ኡሙልኸይር፣ ጋሪዋን ሳታቆም። «ሚዜ ሆኜ ነው።»